ቀለሙን የሚለውጥ ድንጋይ ለቃል ኪዳን ይሆናል?

በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ



የዛሬውን ርእሰ ጉዳይ ያገኘሁት በእናቴ ቤት ሳሎን ውስጥ ነው። ባለፈው ክረምት፣ በዋሽንግተን አካባቢ የምትኖረው የእህቴ ልጅ፣ የእጮኛዋ ሽማግሌዎች ወደ ቤት በሚመጡበት ሰሞን አዲስ አበባ መጥታ ነበር። በጣቷ ላይ ሦስት ቀጫጭን ቀለበቶች ተደራርበዋል። ብረታቸው ጥቁር ነው፤ ቅርጻቸው የጥንት የአውሮፓ ካቴድራል መስኮት የሚመስል፣ ጫፉ የሾለ ቅስት ነው። በመካከለኛው ቀለበት ላይ አንድ ድንጋይ ተቀምጧል። ቀን በመስኮት ብርሃን ሳየው ግራጫ የተቀላቀለበት ሰማያዊ ነበር። ምሽት ላይ መብራት ጠፋና እናቴ ጧፍ ለኮሰች፤ ያው ድንጋይ ሐምራዊ ሆነ።

ሁላችንም ተገረምን። እናቴ ግን ፊቷ ጠቆረ። «ልጄ፣ ቀለሙን የሚለዋውጥ ነገር ለቃል ኪዳን ይሆናል?» አለች። የእህቴ ልጅ ወደ እኔ ዞረች፤ «ጋሼ፣ የድንጋይ መምህር እርስዎ ነዎት፤ እስቲ ይፍረዱን» አለችኝ። የዛሬው ንግግሬ ያንን ፍርድ በዝርዝር የምሰጥበት ነው።

በቅርጹ ልጀምር። ዛሬ «ጎቲክ» ሲባል ብዙ ወጣቶች የሚታያቸው ጥቁር ልብስ፣ እሾህ፣ የራስ ቅልና ጨለማ ነው። ይህ ትርጉም የመጣው ከኋለኛው ዘመን ልብ ወለድና ሙዚቃ ነው። የሥነ ሕንፃው ጎቲክ ከዚህ በጣም ይለያል። መነሻው ተደርጎ የሚጠቀሰው በፓሪስ አጠገብ ያለው የሳን ደኒ ገዳም ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ አበምኔቱ ሱዤ ያሠራው የመቅደሱ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1144 ተመርቋል። የሾለው ቅስትና የጣሪያው የድንጋይ አጥንቶች ክብደቱን ወደ ምሰሶዎች ስለሚያወርዱት፣ ግድግዳው ከሸክም ተገላግሎ ለሰፊ ባለ ቀለም መስኮቶች ቦታ ለቀቀ። ስለዚህ ጎቲክ በመሠረቱ ብርሃንን ወደ ውስጥ የማስገባት ጥበብ ነበር። የመስኮቶቹ መስታወት ቀለሙን ያገኘው በውስጡ ከተቀላቀለ ጥቂት የብረት ንጥረ ነገር ነው፤ ሰማያዊው ለምሳሌ ከኮባልት። ይህን ያዙልኝ፤ በቀለበቱ ድንጋይ ላይ የምናገኘውም ይህንኑ ነው።

ቀለበቶቹ ተደራራቢ የመሆናቸውም ነገር የራሱ ምክንያት አለው። የእጮኝነቱ ቀለበት መጀመሪያ ይደረጋል፤ በሠርጉ ዕለት ሁለተኛው ይጨመራል፤ አንዳንዶች ልጅ ሲወለድ ወይም የጋብቻ ዓመት ሲከበር ሦስተኛ ያክላሉ። ነገር ግን ተደራርበው የሚውሉ ቀለበቶች ቀኑን ሙሉ ይፋጫሉ። እዚህ ላይ የጥንካሬ መለኪያ የሆነው የሞስ ሚዛን ይረዳናል። አልማዝ 10፣ ሩቢና ሰንፔር 9፣ አሌክሳንድራይት 8.5፣ ኤመራልድ 7.5 እስከ 8፣ ኦፓል ደግሞ 5.5 እስከ 6.5 ናቸው። ጎረቤቱ ቀለበት ጥቃቅን አልማዝ ካለበት ከእሱ በታች ያለውን ድንጋይ ሁሉ ሊጭር ይችላል። ጥቁሩ ቀለምም ብዙ ጊዜ በብርና በወርቅ ላይ የተቀባ እጅግ ስስ የጥቁር ሮዲየም ሽፋን ስለሆነ፣ በፍጭት እየለቀቀ ሲሄድ እንደገና መቀባት ይኖርበታል።

አሁን ወደ ድንጋዩ እንምጣ። ቀለም በመለወጥ እጅግ የታወቀው የከበረ ድንጋይ አሌክሳንድራይት ነው። የተገኘው በ1830ዎቹ፣ በሩሲያ የኡራል ተራሮች የኤመራልድ ማዕድን ማውጫ ውስጥ ነው። የፊንላንዱ የማዕድን ተመራማሪ ኒልስ ኑርደንሾልድ ስሙ ከዚህ ድንጋይ ጋር አብሮ ይነሣል። መጠሪያው የተወሰደው በኋላ ዳግማዊ አሌክሳንደር ተብሎ ከነገሠው አልጋ ወራሽ ነው። ዛሬ ከብራዚል፣ ከስሪላንካ፣ ከሕንድና ከምሥራቅ አፍሪካም ይወጣል።

አሌክሳንድራይት የክራይሶቤሪል ዓይነት ነው፤ ክራይሶቤሪል ደግሞ ከቤሪሊየም፣ ከአሉሚኒየምና ከኦክስጅን የተሠራ ማዕድን ነው። ንጹሕ ሲሆን ቀለም የለውም። ክሪስታሉ ሲያድግ ጥቂት የክሮሚየም አቶሞች የአሉሚኒየምን ቦታ ሲይዙ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሩቢን ቀይ የሚያደርገው ይኸው ክሮሚየም ነው። ኤመራልድንም አረንጓዴ ከሚያደርጉት ዋነኛው እሱ ነው። አንድ ንጥረ ነገር እንዴት ሁለት ተቃራኒ ቀለም ይሰጣል? መልሱ በጎረቤቶቹ ላይ ነው። ክሮሚየም በስድስት የኦክስጅን አቶሞች ተከቦ ይቀመጣል፤ እነርሱ በኤሌክትሮኖቹ ላይ የሚያሳድሩት ኃይል በሩቢ ውስጥ በርታ ያለ፣ በኤመራልድ ውስጥ ላላ ያለ ነው። የኃይሉ ልክ ሲለያይ ድንጋዩ የሚመጥጠው የብርሃን ክፍልም ይለያያል።

አሌክሳንድራይት በሁለቱ መካከል ቆሟል። 420 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ወይን ጠጁንና 580 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ቢጫውን ብርሃን ይመጥጣል። የሚያሳልፈው በሁለት መስኮቶች ነው፤ አንዱ አረንጓዴ፣ ሌላው ቀይ። ሁለቱ መስኮቶች እንደ ሚዛን እኩል ስለተንጠለጠሉ፣ የትኛው እንደሚያመዝን የሚወስነው የሚመጣው ብርሃን ነው። የቀን ብርሃን ሰማያዊና አረንጓዴ በብዛት አለው፤ ዓይናችንም በቀን ብርሃን ይበልጥ የሚነቃው 555 ናኖሜትር አካባቢ ላለው አረንጓዴ ነው። ስለዚህ ቀን አረንጓዴ እናያለን። የጧፍና የአሮጌው አምፖል ብርሃን ደግሞ በቀይ የበለጸገ ነው፤ ሚዛኑ ወደ ቀይ ያዘነብላል። የዛሬው ኤል.ኢ.ዲ. መብራት የብርሃን ስብጥሩ ከሁለቱም ስለሚለይ፣ በሱቅ ያያችሁት ቀለም ቤት ስትደርሱ ላይደገም ይችላል።

በድንጋዩ ውስጥ፣ እንግዲህ፣ አንድም አቶም ቦታውን አልለቀቀም። የተለወጠው ብርሃኑ ነው።

እዚህ ላይ ተማሪዎቼ ሦስት ነገሮችን እንዳታምታቱ አደራ እላለሁ። የመጀመሪያው አሁን ያየነው፣ የብርሃኑ ምንጭ ሲቀየር የሚመጣው የቀለም ለውጥ ነው። ሁለተኛው ድንጋዩን በአንድ ብርሃን ሥር ስናዞረው በየአቅጣጫው የተለያየ ቀለም ማሳየቱ ነው፤ አሌክሳንድራይት ይህም ጠባይ አለው። ሦስተኛው የኦፓል ኅብረ ቀለም ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በወሎ ወገል ጤና አካባቢ የተገኘው ኦፓላችን የሚንቦገቦገው፣ በውስጡ በሥርዓት የተደረደሩ ጥቃቅን የሲሊካ ሉሎች ብርሃኑን ስለሚበታትኑት ነው። ይህ ኦፓል ብዙውን ጊዜ ውኃ ይመጥጣል፤ ሲርስ መስታወት መስሎ ቀለሙ ይደበዝዛል፤ ሲደርቅ ይመለሳል። ውብ ነው፤ ነገር ግን ከሌሎች ቀለበቶች ጋር እየተፋጨና እጅ በታጠበ ቁጥር እየራሰ ለሚውል ቀለበት አልመክረውም።

ወደ እህቴ ልጅ ቀለበት ልመለስ። ደረሰኙ «በቤተ ሙከራ የተሠራ አሌክሳንድራይት» ይላል። በቤተ ሙከራ መሠራቱ በራሱ ነውር አይደለም። ሰው ሠራሽ አሌክሳንድራይት የኬሚካል ይዘቱም የክሪስታል አወቃቀሩም ከተፈጥሮው ጋር አንድ ነው። እኔን የጠረጠረኝ ቀለሙ ነበር፤ አሌክሳንድራይት ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ይሄዳል፣ ይህ ግን ከግራጫማ ሰማያዊ ወደ ሐምራዊ ሄደ።

በማግሥቱ አብረን ወደ ቤተ ሙከራ ሄድን። ድንጋዩን ከቀለበቱ ሳናወጣ፣ ጠፍጣፋ ፊቱን በሪፍራክቶሜትር ላይ አስቀመጥነው። ብርሃንን የሚሰብርበት ልክ 1.76 እና 1.77 ሆነ፤ አሌክሳንድራይት ቢሆን 1.75 አካባቢ በሆነ ነበር። በማይክሮስኮፕ ስናየው እንደ ሸክላ ዲስክ ጭረት የተቀለበሱ መስመሮች ታዩ። በስፔክትሮስኮፕ ደግሞ 475 ናኖሜትር ላይ አንዲት ቀጭን ጥቁር መስመር ወጣች። ሦስቱም ምስክሮች በአንድ ቃል ተናገሩ፤ ድንጋዩ ቫናዲየም የተጨመረበት ሰው ሠራሽ ኮረንደም፣ ማለትም የሰንፔር ዘመድ ነው። ይህ ዓይነቱ ድንጋይ የሚሠራው ፈረንሳዊው ኦጉስት ቬርኔይ እ.ኤ.አ. በ1902 ይፋ ባደረገው፣ ዱቄትን በነበልባል እያቀለጡ ክሪስታል በማሳደግ ዘዴ ነው። ዋጋው ርካሽ ነው፤ በአሌክሳንድራይት ስም ሲሸጥም ረጅም ዘመን ሆኖታል።

ልንገራት ወይስ ልተወው? ሽማግሌዎቹ ሊመጡ ሦስት ቀን ቀርቷቸዋል። ለአንድ ሌሊት ዝም ለማለት ማሰቤን አልደብቃችሁም። በመጨረሻ ነገርኳት። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና፣ «ጋሼ፣ ድንጋዩንስ እወደዋለሁ፤ ያስከፋኝ ስሙ ነው» አለችኝ። ከእጮኛዋ ጋር ተመካክረው ለሻጩ ጻፉ፤ የድንጋዩን ትክክለኛ ስም የያዘ ወረቀትም አስላኩ። ቀለበቱን አልቀየሩትም።

ይህን ታሪክ በዚህ መድረክ ያመጣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አገራችን ኦፓልን ብቻ ሳይሆን በሻኪሶ አካባቢ ኤመራልድን፣ በሰሜን ደግሞ ሰንፔርን ታወጣለች። ከእናንተ አንዳንዶቻችሁ ነገ መርማሪ፣ ላኪ ወይም የማዕድን ባለሙያ ትሆናላችሁ። ድንጋይ ቆፍሮ የሚያወጣው ወጣትም፣ ባሕር ማዶ ሆኖ ለእጮኛው የሚገዛውም ሰው የሚተማመኑት እናንተ በወረቀት ላይ በምትጽፉት ስም ነው። ቀለም በየመብራቱ ይለዋወጣል፤ ዋጋም በየገበያው ይለዋወጣል። የስብረቱ ልክና የክሪስታሉ አወቃቀር ግን የትም ቢወሰዱ ያው ናቸው። እናንተም ስትመሰክሩ በማይለወጠው መስክሩ።

የእናቴ ጥያቄ መልስ ይቀረዋል። ቀለበቱን ይዤ ቀን በመስኮት፣ ማታ በጧፍ ደጋግሜ አሳየኋት፤ «እማዬ፣ የሚለወጠው መብራቱ ነው፤ ድንጋዩ ያው ነው» አልኳት። አገላብጣ አየችውና እንዲህ አለች፤ «በቀንም በጨለማም ያው ከሆነ፣ እንግዲያው ይሁንላት።»