የወንዝ ዳር ጎረቤት መዝገብ የታጠበ ቡናን ገበያ ሊነካ ይችላል

በጅማ ዞን የእሸት ቡና መፈልፈያና ማጠቢያ ጣቢያ ለመትከል የሚነሳ ባለሀብት አስቀድሞ የሚያሰላው የማሽኑን፣ የእሸቱን፣ የሠራተኛውንና የባንክ ወለዱን ወጪ ነው። ከጣቢያው በታች ያለው ነዋሪ በተበከለ ወንዝ ምክንያት የሚሸከመው ወጪ ግን ከዚህ ሒሳብ ውጪ ይቀራል። የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ይህን «ወደ ሦስተኛ ወገን የሚተላለፍ ወጪ» ይሉታል። ጥያቄው ይህ ወጪ ወደ ባለቤቱ የሚመለሰው መቼና በምን መንገድ ነው የሚለው ነው።

ወንዙ ምን ይሸከማል?

ለወጪ ንግድ የሚቀርብ 1 ኪሎ ግራም ጥሬ ቡና ለማግኘት ከ5 እስከ 6 ኪሎ ግራም ቀይ እሸት ያስፈልጋል። ከእሸቱ ክብደት 40 በመቶ ያህሉ ማሽኑ የሚልጠው ገለፈት ነው። በፍሬው ላይ የሚቀረው ልጋጋም ሽፋን ደግሞ በማብላያ ገንዳ ውስጥ ከለቀቀ በኋላ በውኃ ይታጠባል። እጣቢው ስኳር የበዛበትና አሲዳማ በመሆኑ ወንዝ ሲገባ መብላላቱን ይቀጥላል፤ በውኃው ውስጥ ያለውንም ኦክስጅን ይጨርሳል። መጥፎው ሽታ የሚከተለው ከዚህ በኋላ ነው።

የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት በዞኑ የ23 ጣቢያዎችን እጣቢ የሚቀበሉ 18 ወንዞችን በ44 ቦታዎች ፈትሸዋል። ከጣቢያዎቹ በላይ ያሉ 20 ቦታዎች፣ በታች ካሉት 24 ቦታዎች ጋር ተነጻጽረዋል። በማጠቢያው ወቅት ቆሻሻው ለመበስበስ የሚፈልገው ኦክስጅን በሊትር እስከ 1,900 ሚሊ ግራም ሲደርስ፣ በውኃው ውስጥ የቀረው ኦክስጅን ከ0.01 ሚሊ ግራም በታች ወርዶ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ሌላ ጥናትም በማጠቢያ አካባቢ የሚኖሩ ሰዎች የቆዳ ማሳከክ፣ የሆድ ሕመም፣ የማቅለሽለሽና የመተንፈስ ችግር እንደሚደርስባቸው ገልጿል።

ጥናቱ ያመለከተው ሌላ ጉዳይም አለ። የማጠቢያው ወቅት ሲያልፍ የወንዙ ኦክስጅን ማገገም ይጀምራል። በመሆኑም በኅዳር የተበከለ ወንዝ በበጋው መጨረሻ ቢታይ ያን ያህል ላያስደነግጥ ይችላል። በዕለቱ፣ በሰዓቱና በቦታው ያልተመዘገበ ጉዳት ማስረጃው ከውኃው ጋር ይሄዳል።

የኒውዮርክ ትምህርት

ማስረጃው ወዲያው የሚጠፋ ሌላው ጉዳት ድምፅ ነው። በኒውዮርክ ከተማ ቱሪስቶችን የሚያንሸራሽሩ ሄሊኮፕተሮች በሐድሰን ወንዝ ግራና ቀኝ የሚኖሩ ሰዎችን ለዓመታት ሲያማርሩ ቆይተዋል። ነዋሪዎቹ ስለ ድምፁና ስለ ዝቅተኛው በረራ ሳይታክቱ አቤቱታ አቀረቡ። ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2016 ከተማው ከበረራ ድርጅቶቹ ጋር የደረሰው ስምምነት ሆነ። በዓመት ወደ 60,000 ይጠጋ የነበረው የሽርሽር በረራ ወደ 30,000 እንዲወርድ፣ የእሑድ በረራም እንዲቀር ተወሰነ። ድርጅቶቹ ፈቃድ ነበራቸው፤ ሆኖም የጎረቤት አቤቱታ የገበያቸውን ግማሽ ወሰደ።

በእኛ አገር ሕግ

በኢትዮጵያም ለዚህ የሚሆን ሕግ አለ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ደንግጓል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ፈሳሽን ብቻ ሳይሆን መጥፎ ሽታንና ድምፅንም ያካትታል። በዚህ አዋጅ መሠረት ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማሳየት ሳያስፈልገው ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም በውሳኔው ካልረካ በ60 ቀናት ውስጥ ክስ መመሥረት ይችላል። የበከለ ያጸዳል ወይም የማጽጃውን ወጪ ይከፍላል። እርምጃው ድርጅቱን እስከ መዝጋት ወይም ወደ ሌላ ቦታ እስከ ማዛወር ሊደርስ ይችላል።

ለቡና ነጋዴ ከቅጣቱ ይልቅ የሚከብደው ጊዜው ነው። እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ጥራቱ ይወድቃል። በኅዳር ለአንድ ሳምንት የታገደ ጣቢያ የቀረበትን በጥር አያካክስም። ወለዱ ግን መቁጠሩን አያቆምም።

ስም ያለው ቡና

ቡና በ2001 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሲገባ የነጋዴው ቡና በደረጃና በመነሻ አካባቢ ተመድቦ ከሌላው ጋር ስለሚቀላቀል የጣቢያው ስም ከገዢው ዘንድ አይደርስም ነበር። ወንዝ የሚበክለውና የማይበክለው በአንድ ዋጋ ይሸጡ ነበር ማለት ነው። አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ከወጣ በኋላ ግን ቡናን ከነመነሻው ለይቶ ለመሸጥ መንገድ ተከፍቷል። የጣቢያው ስም ከቡናው ጋር ሲጓዝ ዝናውም አብሮ ይጓዛል። በአጋሮ አካባቢ ያለው የዱሮሚና ኅብረት ሥራ ማኅበር ቡና በ2004 ዓ.ም. በአፍሪካ ደረጃ በተደረገ የጣዕም ውድድር አንደኛ ሲወጣ ስም ምን ያህል እንደሚያወጣ ታይቷል።

መፍትሔው ከአቅም በላይ አይደለም። በዞኑ ሥራ ላይ ከዋሉት መካከል ልጋጉን በማሽን የሚያላቅቁ ውኃ ቆጣቢ መፈልፈያዎች ይገኙበታል። ሆኖም ውኃው ሲያንስ እጣቢው ስለሚወፍር ማሽኑ ብቻውን አይበቃም፤ የማጠራቀሚያ ጉድጓድና የቬቲቨር ሣር መሬት ያስፈልጋል። ገለፈቱም ሲበሰብስ ለአርሶ አደሩ ማሳ ማዳበሪያ ይሆናል።

ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። ጣቢያ የሚገዛ ወይም የሚከራይ ባለሀብት ከመፈረሙ በፊት በማጠቢያው ወቅት ከጣቢያው በላይና በታች ያለውን ውኃ ቢያስመረምርና ውጤቱን ከነቀኑ ቢያስቀምጥ ይጠቀማል። ይህን መዝገብ እርሱ ካልያዘው ጎረቤቱ ሊይዘው ይችላል።