ቂብላው አንድ፣ መዝሀቡ ብዙ፦ ልዩነትና አንድነት በእስልምና

ለሶላት የተሰለፉ ሙስሊሞችን ያስተዋለ ሰው ልዩነት ማየቱ አይቀርም። አንዱ እጆቹን ደረቱ ላይ ያጥፋል፣ ሌላው ወደ ጎን ይለቃቸዋል። «አሚን» ሲባል ከፊሉ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ ከፊሉ በለሆሳስ ይላል። በአንዱ መስጊድ በሱብሒ ቁኑት ይደረጋል፣ በሌላው አይደረግም። ቂብላው ግን አንድ ነው፤ ሱጁዱም አንድ ነው። ሙስሊሙን ለዘመናት በአንድ ሰልፍ ያቆየው እንዲህ ያለውን ልዩነት በዕውቀትና በአደብ መያዙ ነው።

ቁርኣን በሱረቱል ሑጁራት 13ኛ አንቀጽ የሰው ልጅ በሕዝብና በጎሳ የተከፈለው እንዲተዋወቅ መሆኑን፣ ክብርም የሚለካው በተቅዋ መሆኑን ያስተምራል። በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ዙሪያ ከቁረይሾቹ ጋር ሐበሻው ቢላልና ፋርሳዊው ሰልማን ቆመዋል። የአስተያየት ልዩነትም ከዚያው ዘመን ይጀምራል። ሰሓቦች ወደ በኑ ቁረይዛ ጎሳ ሲላኩ ዐስርን እዚያ ሳይደርሱ እንዳይሰግዱ ታዘዙ። ጊዜው በመንገድ ሲደርስ ከፊሎቹ «የተፈለገው መፍጠናችን ነው» ብለው ሰገዱ፤ ሌሎቹ ቃሉን እንዳለ ይዘው አቆዩት። ነቢዩ አንዳቸውንም አልወቀሱም። ይህ በቡኻሪ የተዘገበ ክስተት ለኋለኞቹ ዑለማዎች ትልቅ ማስረጃ ሆኗል።

አራቱ የሱኒ መዝሀቦች (የፊቅህ ትምህርት መንገዶች) የተገነቡት በዚህ መሠረት ላይ ነው። የኩፋው አቡ ሐኒፋ እ.ኤ.አ. በ767፣ የመዲናው ማሊክ በ795፣ አሽ-ሻፊዒይ በግብፅ በ820፣ አሕመድ ኢብን ሐንበል በባግዳድ በ855 አረፉ። ሻፊዒይ የማሊክ ደረሳ ነበሩ፤ ከአቡ ሐኒፋ ተማሪ ከሙሐመድ አሽ-ሸይባኒም ዕውቀት ቀስመዋል፤ አሕመድ ደግሞ ከሻፊዒይ ተምረዋል። መዝሀቦቹ በመምህርና በደረሳ ሰንሰለት የተያያዙ ናቸው። ኸሊፋው አል-መንሱር የማሊክን «ሙወጧእ» ለግዛቱ ሁሉ ብቸኛ ሕግ ሊያደርጉት ሲፈልጉ ማሊክ እንዳልፈቀዱ ይተረካል፤ ሰሓቦች በየአገሩ ተበትነው ለየሕዝቡ ያደረሱት ዕውቀት አለና።

ከዚያ በኋላ መዝሀቦቹ ዓለምን አዳረሱ፦ ሐነፊይ በቱርክ፣ በመካከለኛው እስያና በሕንድ ክፍለ አህጉር፤ ማሊኪይ በሰሜንና በምዕራብ አፍሪካ፤ ሻፊዒይ በኢንዶኔዥያ፣ በማሌዥያና በምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ፤ ሐንበሊይ በተለይ በሳዑዲ ዓረቢያ። የኮርዶባው ቃዲ ኢብን ሩሽድ (በ1198 ያረፉት) «ቢዳየቱል ሙጅተሂድ» በተባለው ሥራቸው የዑለማዎቹ አስተያየት ለምን እንደተለያየ በየርዕሱ አስረድተዋል። ይህን የተማረ ደረሳ የሌላውን ማስረጃ ሳያውቅ አይፈርድበትም።

ልዩነቱ በመንግሥት አሠራርም ቦታ አግኝቷል። ሱልጣን በይበርስ በ1265 በካይሮ ለአራቱም መዝሀቦች አራት ዋና ቃዲዎችን ሾሙ። ይሁን እንጂ አደቡ ሲላላ ልዩነት አጥር ይሆናል። በመካ ሐረም አራቱ መዝሀቦች ለየራሳቸው መቆሚያ ይዘው በየኢማማቸው የሚሰግዱበት ልማድ ለዘመናት ቆይቶ፣ በአንድ ኢማም ሥር የተጠቃለለው በ1920ዎቹ ነው። በአንድ ኢማም ኋላ መስገድ መዝሀብን መተው አልነበረም፤ ሰልፉ አንድ ሲሆን መዝሀቦቹ እንደነበሩ ቀጥለዋል።

በሱኒና በሺዓ መካከል ያለው ልዩነት ከዚህ የጠለቀና ደም ያፋሰሰ ነው። ቢሆንም የማቀራረብ ጥረት አልተቋረጠም። የአል-አዝሀሩ ሸይኽ ማሕሙድ ሸልቱት እ.ኤ.አ. በ1959 በሺዓው የጀዕፈሪ መዝሀብ ማምለክ እንደሚቻል ፈትዋ ሰጡ። እ.ኤ.አ. በ2004 ከዮርዳኖስ የወጣውን የዐማን መልእክት ተከትሎ በ2005 የተሰበሰቡ ዑለማዎች ስምንት መዝሀቦችን ተቀበሉ፦ አራቱን የሱኒ፣ ጀዕፈሪን፣ ዘይዲን፣ ኢባዲንና ዛሂሪን። ተከታዮቻቸውን ከእስልምና ማስወጣት (ተክፊር) እንደማይፈቀድ፣ ፈትዋም ብቃት ሳይኖር እንደማይሰጥ አጸኑ።

በኢትዮጵያም ሻፊዒይ ሰፊ ተከታይ ሲኖረው ሐነፊይና ማሊኪይም አሉ። ቃዲሪያ፣ ቲጃኒያና ሰማኒያ ጠሪቃዎች ሥር ሰደዋል። የወሎ ሸይኾች በዓረብኛ ፊደል የጻፏቸው የአማርኛ መንዙማዎች፣ የሐረር መስጊዶች፣ የባሌው ድሬ ሼኽ ሑሴን አንዱ እምነት በየሕዝቡ ቋንቋና ባህል እንዴት እንደሰፈረ ያሳያሉ። በመውሊድና በዚያራ ላይ በሱፊዎችና በሰለፊዎች መካከል የተነሣው ክርክር ግን መስጊዶችንና የሙስሊሞቹን ምክር ቤት፣ መጅሊሱን፣ ለዓመታት አናውጧል። ሚያዝያ 23 ቀን 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተካሄደው ጉባኤ ወገኖቹን በአንድ ጣሪያ ሥር አገናኘ፤ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ መጅሊሱ በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አገኘ።

አዋጅና ጉባኤ በር ይከፍታሉ፤ በዚያ በር የሚያስገባው ትምህርት ነው። ሁሉም አስተያየት እኩል ነው ማለትም አይደለም፤ በተውሒድ፣ በነቢይነትና በአምስቱ ማዕዘናት ላይ ድርድር የለም፤ በቅርንጫፎቹም ቢሆን አስተያየት ማስረጃ ያሻዋል። አንድ ወጣት የራሱን መዝሀብ ብቻ ሲማር የጎረቤቱን ሶላት ስሕተት አድርጎ ያየዋል፤ የዑለማዎችን ማስረጃ ሲማር ግን የማይስማማበትንም ያከብራል። ስለዚህ በየመድረሳውና በየመስጊዱ ፊቅህ ሲሰጥ የልዩነቱ ምክንያትና አደቡም አብረው ይሰጡ። አንድነታችንን ከሚያጠነክሩት ሁሉ ቀዳሚው ይህ ነው።