ለሞተር ብስክሌት የጭስ ማውጫ የሚሆን የሴራሚክ ልባጥ አመራረጥ
(በዲላና በጌዴኦ ዞን ሁኔታ የተመለከተ)

ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ተጉዞ ዲላ የሚደርስ መንገደኛ፣ ከአውቶቡስ ወርዶ ወደ መንደር ለመግባት ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚሳፈረው በሞተር ብስክሌት ነው። የጌዴኦ ገበሬ እንሰትንና ቡናን በታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር አደባልቆ የሚያለማበት አገር ዳገትና ቁልቁለት የበዛበት ስለሆነ፣ ከወናጎ፣ ከይርጋ ጨፌና ከጨለለቅቱ ወደየቀበሌው በሚወጡት መንገዶች ላይ መኪና የማይደርስበት ብዙ ቦታ አለ። ይኸው መልክዓ ምድር በ2016 ዓ.ም. መስከረም ወር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ለዓይን እንዲህ ያማረው አገር ግን በበልግም በክረምትም ዝናብ የሚያገኝ፣ አፈሩም ቀይና የሚያጣብቅ ስለሆነ፣ ለሞተር ብስክሌት ብረት ከባድ ፈተና ነው።

ይህን ጥያቄ እንድናነሣ ያደረገን በመካከላችን የደረሰ ነገር ነው። ከዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች አንዷ ከሞተር ብስክሌት ስትወርድ የቀኝ እግሯ ባት ከጭስ ማውጫው ጋር ተነካክቶ ተቃጠለ። አሽከርካሪው እጅግ አዝኖ፣ «ሴራሚክ አስቀብቼዋለሁ፤ አያቃጥልም ብለውኝ ነበር» አለ። ሰውየው ገንዘቡን ያወጣው በቅን ልብ ነበር፤ ነገር ግን ልባጡ ሊሠራ የማይችለውን ሥራ ነበር የጠበቀበት። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ሁለት ነገሮችን ለያይተን እናያለን። አንደኛው፣ የጭስ ማውጫን ከዝገት ለመጠበቅ የትኛው ልባጥ ይመረጣል የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ልባጥ ሰውን ከመቃጠል ያድናል ወይ የሚለው ነው።

፩. ብረቱን የሚበላው ምንድን ነው?

ከሞተሩ ቴስታታ የሚወጣው ጠማማ ቧንቧ ከሁሉ ይልቅ የሚግለው ክፍል ነው። ሞተሩ ዳገት በሚወጣበት ጊዜ የዚህ ቧንቧ ብረት ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊደርስ ይችላል። ወደ ኋላ ያለው፣ ድምፅ የሚያፍነው ማርሚታ ግን ከዚህ በጣም የቀነሰ ሙቀት አለው። ስለዚህ አንድ የጭስ ማውጫ ሁለት ጠባይ ያለው ዕቃ ነው ማለት ይቻላል። የፊተኛው ክፍል በሙቀት ይጎዳል፤ የኋለኛው ክፍል ደግሞ በእርጥበትና በጭቃ ይጎዳል።

ብረት ሲሞቅ እንደሚረዝም የታወቀ ነው። 60 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው የብረት ቧንቧ ሙቀቱ በ400 ዲግሪ ቢጨምር ወደ 3 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል፤ ሲቀዘቅዝም ይመለሳል። በላዩ ያለው ልባጥ አብሮት መርዘምና ማጠር ካልቻለ ይሰነጠቃል። በተለይ የጋለው ቧንቧ በድንገት ጅረት ወይም ኩሬ ሲያቋርጥ፣ በጋለ ጀበና ላይ ቀዝቃዛ ውሃ እንደማፍሰስ ያህል ነው።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ጠላት ደግሞ ከውስጥ ይመጣል። አንድ ሊትር ቤንዚን ተቃጥሎ ሲያልቅ ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ ይፈጠራል። ሞተሩ በሚገባ ከሞቀ ይህ ውሃ በእንፋሎትነት ይወጣል። መንገዱ አጭር ከሆነና ሞተሩ ሳይሞቅ ከጠፋ ግን፣ ውሃው ከጭሱ ጥቂት አሲድ ጋር ተቀላቅሎ በማርሚታው ሆድ ውስጥ ይተኛል። ጠዋት ከጭስ ማውጫ ጫፍ ሲንጠባጠብ የሚታየው ይኸው ነው። ከላይ የተቀባ ማናቸውም ልባጥ ይህን የውስጥ ዝገት አይከለክልም።

፪. ሴራሚክ ሲባል ምን ማለት ነው?

ሴራሚክ ለእኛ አገር ባዳ ነገር አይደለም፤ ጀበናውም ምጣዱም የሸክላ ዘር ናቸው። በእሳት የጠነከረ፣ የማይዝግ፣ ሙቀትን የሚችል አፈር ማለት ነው። በገበያ ግን በአንድ «ሴራሚክ» በሚል ስም የሚጠሩት ነገሮች እጅግ የተለያዩ ስለሆኑ፣ ገዢው ስሙን ሳይሆን ዓይነቱን መጠየቅ ይገባዋል።

ሀ) የመኪና ቀለም ለማሳመር የሚቀባ ፈሳሽ። ይህ የሚሠራው ለታንኳውና ለሌላው ቀለም ውበት ነው። ለጋለ ቧንቧ አልተሠራም።

ለ) በሲሊኮን ሙጫ የተያዘ፣ የሴራሚክ ወይም የአሉሚኒየም ደቃቅ ዱቄት ያለበት ሙቀት ቻይ ቀለም። ጥሩው ዓይነት እስከ 600 ዲግሪ ገደማ ይችላል። ሲሞቅ የሙጫው ተቃጣይ ክፍል ይበንና የቀረው ከዱቄቱ ጋር ተጣብቆ እንደ ስስ ሸክላ ይደርቃል።

ሐ) በባለሙያ ተረጭቶ በምድጃ የሚበስል የሴራሚክ ልባጥ። ከ«ለ» ይልቅ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ቧንቧውን ፈትቶ ወደ ልዩ መሥሪያ ቤት መላክን ይጠይቃል።

መ) በየቤቱ እንደምናውቀው ነጭ የብረት ሳህን ያለ የብርጭቆ ልባጥ። ወደ 800 ዲግሪ በሚደርስ ምድጃ ይበስላል፤ ዝገትን በሚገባ ይከለክላል። ጠጠር ሲመታው ግን እንደ ሳህኑ ይላጣል።

ሠ) በኤሌክትሪክ ነበልባል ቀልጦ የሚረጭ የዚርኮኒያ ልባጥ። ይህ ለአውሮፕላን ሞተር ክፍሎች የሚሠራበት ታላቅ ጥበብ ነው። ለአንድ የቀበሌ ሞተር ብስክሌት ግን ዋጋውም አሠራሩም አይመጥንም።

ከእነዚህ ሌላ በቧንቧው ላይ የሚጠመጠም ጨርቅ መሰል መሸፈኛ አለ። በደረቅ አገር ለእሽቅድድም ያገለግል ይሆናል። ዝናብ በበዛበት በእኛ አገር ግን ውሃና ጭቃ አቅፎ ስለሚይዝ ብረቱን ቶሎ ያዝጋል። ስለዚህ አንመርጠውም።

፫. ለዲላ የሚሻለው የትኛው ነው?

እንደ እኛ አስተያየት፣ በየቀኑ ለሥራ ለሚወጣ ሞተር ብስክሌት የሚመረጠው «ለ» ነው። ምክንያታችን ከሁሉ የበረታ ስለሆነ አይደለም፤ በተላጠ ጊዜ በዚያው በዲላ ጋራዥ፣ በዚያው ቀን ሊታደስ ስለሚችል ነው። በዚህ መንገድ ላይ ጠጠር የማይልጠው ልባጥ የለም። የበረታ ሆኖ የማይጠገን ልባጥ ከሚሰጠው ጥቅም ይልቅ፣ መካከለኛ ሆኖ የሚታደስ ልባጥ የሚሰጠው ይበልጣል።

ሲገዛ በጣሳው ላይ የተጻፈው የሙቀት ልክ መነበብ አለበት። «ለሞተር» ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ለጭስ ማውጫ አይሆንም፤ ከ300 ዲግሪ በታች ብቻ የሚችል ከሆነ በፊተኛው ቧንቧ ላይ አይቆይም።

ይሁን እንጂ የልባጡን ዕድሜ ከጣሳው ይልቅ የሚወስነው የብረቱ ዝግጅት ነው። ቧንቧው መጀመሪያ በሳሙና ታጥቦ ከዘይትና ከጭቃ ይጸዳል። ቀጥሎ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ንጹሕ ብረት እስኪታይ ድረስ ይፋቃል፤ ክሮም ያለበትም ቢሆን ልስላሴው መጥፋት አለበት። ከዚያ በቲነር ይጠረጋል፤ ከዚህም በኋላ በእጅ አይነካም፤ የጣት ቅባት ልባጡን ያላቅቃልና። እርጥበት ባለበት አየር የተፋቀ ብረት በጥቂት ሰዓት ውስጥ መዛግ ስለሚጀምር በዚያው ቀን መቀባት ይገባል። ተራውን ፀረ ዝገት ቀለም ከሥር ማስቀደም ትልቅ ስሕተት ነው፤ ሥረኛው ሲቃጠል ላይኛውን ይዞት ይነሣል። በመጨረሻም አንድ ጊዜ አወፍሮ ከመቀባት፣ ሁለት ሦስት ጊዜ አሳስቶ መቀባት ይሻላል። ሥራው ሁሉ በደጅ፣ ነፋስ ባለበት ቦታ ይሁን።

የተቀባው ልባጥ ካልበሰለ አልተፈጸመም። እናቶቻችን አዲስ ምጣድ ገዝተው ወዲያው እንጀራ አይጋግሩበትም፤ በእሳት እያሟሹ በጎመን ዘር ያሹታል። ልባጡም እንዲሁ ማሟሸት ይፈልጋል። ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ አስነሥቶ ማቀዝቀዝ፣ ቀጥሎ ትንሽ ረዘም አድርጎ እንደገና ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ በኋላ ወደ ዳገት መውጣት ነው። ዝርዝሩ በጣሳው ላይ እንደተጻፈው ይፈጸም። ሳይበስል ቤንዚን ወይም ዘይት ቢነካው ይሟሟል።

ስለ ውስጡ ዝገት ደግሞ ሁለት ነገር ይበቃል። ሞተርን አስነሥቶ ወዲያው የማጥፋት ልማድ ይቅር። ብዙ ማርሚታ ከሥሩ ውሃ የሚወጣበት ትንሽ ቀዳዳ ስላለው፣ ቀዳዳው በጭቃ እንዳይደፈን በየጊዜው ይታይ።

፬. ልባጥ እግርን ያድናል ወይ?

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንመለስ። በጭስ ማውጫ ላይ የሚቀባ ልባጥ ውፍረቱ 0.05 ሚሊሜትር ያህል ነው። በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር የቧንቧ ገጽ 10,000 ዋት ሙቀት ያልፋል ብንል፣ የልባጡም ሙቀት የማስተላለፍ አቅም በአንድ ሜትር በአንድ ዲግሪ 1 ዋት ነው ብንል፣ በልባጡ ሥርና በልባጡ ላይ ያለው የሙቀት ልዩነት ግማሽ ዲግሪ ብቻ ይሆናል። ብረቱ 200 ዲግሪ ከሆነ እግር የሚነካው ገጽ 199 ዲግሪ ተኩል ነው ማለት ነው። በ60 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በጥቂት ሴኮንድ ቆዳ እንደሚያቃጥል ላወቀ ሰው፣ ግማሽ ዲግሪ ምን ይጠቅመዋል?

የሚጠቅመው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም አየር ነው። አየር ሙቀትን የሚያስተላልፈው ከእንዲህ ያለው ልባጥ 30 እጥፍ ያህል አንሶ ነው። ስለዚህ ከቧንቧው አንድ ሴንቲሜትር ያህል ተራርቆ በብሎን የታሰረ፣ ነፋስ በመካከሉ የሚያልፍበት የቆርቆሮ ጋሻ ከማናቸውም ቀለም ይበልጣል። አዲስ ሞተር ብስክሌት ሲመጣ ይህ ጋሻ ብዙውን ጊዜ አብሮት ይመጣል። ብሎኑ ላልቶ ወድቆ ሳይተካ የሚቀረው ግን ጥቂት አይደለም።

ነገሩን በእኛ አገር የሚያባብስ አንድ ምክንያት ደግሞ አለ። ኢትዮጵያ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ የሚነዳባት አገር ናት። እንደ ባጃጅ ቦክሰር ያሉት የሞተር ብስክሌቶች የተሠሩት ግን በግራ በሚነዳባት በህንድ ነው። ጭስ ማውጫቸው በቀኝ በኩል ስለሆነ፣ በህንድ ወደ መንገዱ መካከል ይዞራል፤ ተሳፋሪ ከሚቆምበት ዳር ይርቃል። በዲላ ግን ያው ቀኝ ወደ ዳር ይሆናል። ተሳፋሪው የሚወጣውም የሚወርደውም በጋለው ቧንቧ በኩል ነው ማለት ነው። አሽከርካሪው ከመንገዱ ፈጽሞ ወጥቶ ቆሞ በግራ ቢያወርድ መልካም ነው። በግራ መኪና የሚያልፍ ከሆነ ግን ያለው መከላከያ ጋሻው ብቻ ነው።

ቃጠሎ ቢደርስ ቦታውን ወዲያው በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ 20 ደቂቃ ያህል ማቀዝቀዝ ይገባል። ቅቤ፣ እንቁላልም ሆነ የጥርስ ሳሙና አይቀባ፤ ያበጠውም ውሃ አይፈንዳ። ቃጠሎው የሰፋ ከሆነ ወይም የተቃጠለው ሕፃን ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

ባጭሩ ስንደመድም፣ ሙቀት ቻይ የሴራሚክ ቀለም ለዝገት ይገዛ፣ በሚገባ ይዘጋጅ፣ ይሟሽ። ለሰው እግር ግን ጋሻ ይታሰር። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃው አሽከርካሪ ቢጠይቀን፣ የዛገ ማርሚታ ይለወጣል፤ ጠባሳ ግን አይለወጥምና፣ በመጀመሪያ ጋሻውን እንዲያስር እንመክረዋለን። የፊዚክስና የኬሚስትሪ ተማሪዎች የሆኑ ጓደኞቻችን ቴርሞሜትር ይዘው በየመንገዱ ቢለኩና የእኛን ስሌት ቢያርሙት ወይም ቢያጸኑት ደስታችን ነው።