አስተማሪዎቻችንን ምን ያህል አይተናቸዋል?

ወደ መምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ የሚገባ ወጣት ሥራውን እንደ አዲስ አይጀምርም። ሕክምና ሊማር የገባ ሰው ቀዶ ሕክምና አይቶ አያውቅ ይሆናል፤ ዕጩ መምህር ግን ወደፊት የሚሠራውን ሥራ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በየቀኑ ሲመለከት ነው ያደገው። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ዳን ሎርቲ በ1975 እ.ኤ.አ. ስለ መምህራን ሕይወት ባሳተመው መጽሐፍ፣ አንድ ተማሪ ሁለተኛ ደረጃን እስኪጨርስ 13,000 ሰዓት ያህል ከአስተማሪዎች ጋር እንደሚያሳልፍ አስልቷል። እኛ አገር በፈረቃ የሚማር ልጅ ሰዓቱ ከዚህ ማነሱ አይቀርም፤ ያም ሆኖ የትኛውም የኮሌጅ ኮርስ የሚስተካከለው አይደለም። ስለዚህ ዕጩው ገና ሲመዘገብ ማስተማር ምን ማለት እንደሆነ በልቡ ወስኖ መጥቷል። ከቀድሞ አስተማሪዎቹ ምን ይዞ እንደመጣ ካልተመረመረ፣ ሥልጠናው ከላይ የተቀባ ቀለም ሆኖ ይቀራል።

ችግሩ ተማሪ የሚያየው የአስተማሪውን ግማሽ ብቻ መሆኑ ነው። አንዲት የሂሳብ መምህርት ግማሽና ሲሶን ደምሩ ብላ ሰሌዳ ላይ ጻፈች እንበል። ብዙ ልጆች ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው ይደምሩና ሁለት አምስተኛ ይላሉ። እሷ ተሳስታችኋል አትልም፤ ትንሽ ትጠብቅና «ሁለት አምስተኛ ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ብላ ትጠይቃለች። ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ ግማሽ ላይ ሲሶ ተጨምሮበት እንዴት ከግማሽ ሊያንስ ቻለ? ከዓመታት በኋላ መምህር ሊሆን የሚመጣው ተማሪ የሚያስታውሰው ትዕግሥቷንና ለስላሳ ድምፅዋን ነው። ጥያቄውን የመረጠችው የልጆቹን ስሕተት ቀድማ ስለምታውቅ መሆኑን፣ ያንንም ያወቀችው ማታ ማታ ደብተር ስታርም መሆኑን ከተቀመጠበት ዴስክ ሊያይ አይችልም። ስለዚህ እሷን ልሁን ሲል ድምፅዋን ይወስዳል፣ ሥራዋን ይተዋል። ገለጻውን በትሕትና ያቀርባል፤ መጨረሻ ላይ «ገባችሁ?» ይላል፤ ልጆቹም ባንድ ድምፅ «አዎ!» ይሉታል። እሱም ተማሪ ሳለ እንዲሁ ነበር የሚመልሰው፤ ባይገባውም።

ሌላው፣ እምብዛም የማይነሣው ጉዳይ፣ ማን ያስታውሳል የሚለው ነው። ማሠልጠኛ የሚገባው ፈተናውን ያለፈው ተማሪ ነው። በዚያው አስተማሪ እጅ ተምረው በስድስተኛ ወይም በስምንተኛ ክፍል ያቋረጡት ጓደኞቹ ምስክርነት በክፍሉ ውስጥ አይሰማም። «እኔም ተገርፌ ነው ሰው የሆንኩት» የሚለው አባባል ጉልበት የሚያገኘው ከዚህ ነው፤ ተገርፈው ከትምህርት የሸሹት መልስ የሚሰጡበት ቦታ የላቸውም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። አርጩሜ ግን ከዚያ በኋላም ከየክፍሉ አልጠፋም። ሕግ ትውስታን አይሽርም፤ ወጣቱ መምህር ስልሳና ሰባ ልጅ ሲንጫጫበት እጁ የሚዘረጋው ልጅ ሳለ ወዳየው ነው።

መምህር እንደተማረው ያስተምራል በሚለው ሐሳብ ላይ ምሁራን ራሳቸው ተከራክረውበታል። ሁሉም እንደተማረው አያስተምርም፤ «እንደ እሱስ አልሆንም» ብሎ ወደ ሙያው የሚገባም አለ። እውነት ነው። ግን የሚጠላውን አስተማሪ ገልብጦ የሚሠራ ሰውም የሚገለብጠው ያንኑ የታየውን ግማሽ ነው። ቁጡው መምህር ደብተር በጥንቃቄ ያርም የነበረ ከሆነ፣ ከቁጣው ጋር እርማቱም አብሮ ይጣላል። የሚወዱትን መምህር እንዲህ መበለት ውለታ ቢስነት አይደለም ወይ የሚልም ይኖራል። እኔ በተቃራኒው አያለሁ፤ መምህርን ከልብ ማክበር ማታ ማታ የለፋበትን ማወቅ ነው።

በዚህ ረገድ የቤተ ክህነቱ ትምህርት የሚያስተምረን አለ። ነባሩ ተማሪ ለጀማሪው ፊደል ያስቆጥራል፤ በቅኔ ቤትም ገፋ ያለው የጀማሪውን ቅኔ ሰምቶ ያርማል፣ የራሱን ደግሞ ለየኔታ ያቀርባል። ማስተማርን የሚለምደው ገና ተማሪ ሳለ፣ መምህሩ በቅርብ እያየው ነው። አለንጋውንና በቃል መሸምደዱን እንዳለ እንመልስ ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን የማስተማር ጓዳው ለተማሪው ክፍት ነበር።

የዛሬው ዕጩ ጓዳውን የሚያይበት አጋጣሚ የተግባር ልምምዱ፣ ማለትም ፕራክቲከሙ ነው። ብዙውን ጊዜ ግን ልምምዱ በቅጽ መሙላትና በነጥብ መስጠት ያልቃል። ኮሌጁም ከወቀሳ አያመልጥም፤ አሳታፊ ማስተማርን ሁለት ሰዓት ሙሉ ብቻውን እየተናገረ የሚያስተምር አሠልጣኝ፣ ዕጩው በዓይኑ ያየውን ያጸናለታል እንጂ አይለውጥለትም። ከዚህ ይልቅ ዕጩው የማይረሳውን አንድ ክፍለ ጊዜ በጽሑፍ አስፍሮ፣ ያ አስተማሪ በሕይወት ካለ ሄዶ ይጠይቀው፦ ያንን ምሳሌ ለምን መረጥክ? እኔን ስትጠይቅ ከኋላ የተቀመጡትን ለምን ተውካቸው? ያቋረጡትስ ለምን ያቋረጡ ይመስልሃል? አንዳንዱ ጡረታ የወጣ መምህር እንዲህ ያለ ጥያቄ በሥራ ዘመኑ ሁሉ አንድም ሰው አቅርቦለት አያውቅም።