ባልሽ “ፉርጎ ገዛሁ” ቢልሽ አትደንግጪ

አንዳንዱ ደመወዙን በቢራ ይጨርሳል፣ አንዳንዱ በጫት። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ የሚኖር አንድ ወዳጄ ግን የሚጨርሰው በባቡር ነው። የምን ባቡር አትሉኝም? የአሻንጉሊት! እሱ ፊት ግን “አሻንጉሊት” እንዳትሉ፤ “ሞዴል ነው” ብሎ ይቆጣል። የእሱ ዓይነቱ ኤች ኦ ይባላል፤ ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ ያንሳል። አንዷ ፉርጎ 30፣ 40፣ አንዳንዴም 50 ዶላር ታስወጣዋለች። ሚስቱ “የቤት ኪራይ ሳይከፈል ፉርጎ ይገዛል እንዴ?” ብላ ሻንጣዋን እስከማዘጋጀት ደርሳ ነበር።

ለሽምግልና ገባሁ። እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ከሚስትየዋ ጋር ነበር።

ነገሩን ስመረምረው ግን ችግሩ ባቡሩ ሳይሆን አገዛዙ ሆኖ አገኘሁት። ወዳጄ ቀለሟ ደስ ያለችውን ሁሉ ይገዛል። በአንድ ሐዲድ ላይ በበረዶ የሚቀዘቅዝ የፍራፍሬ ፉርጎና ሁለት ኮንቴይነር የተደራረበበት ጋሪ ቀጣጥሏል። እናንተዬ፣ በበረዶ የሚሠራው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቀርቷል፤ ድርብ ኮንቴይነር የተስፋፋው ደግሞ በ1980ዎቹ ነው። ሁለቱ የት ተገናኙ?

ይህን የሚነግሩን ፉርጎው ጎን ላይ ያሉት ፊደሎች ናቸው። አሜሪካ ውስጥ የአንዱ ኩባንያ ፉርጎ በሌላው ሐዲድ ላይ ይሄዳል። ስለዚህ የትም ያለ ሠራተኛ አይቶ እንዲለየው የባቡር ኩባንያዎቹ ማኅበር ለየዓይነቱ ኮድ ሰጠው። ኤክስ ኤም ማለት ተራው ዝግ ፉርጎ ነው። ኤፍ ኤም ጠፍጣፋው። ኤች ቲ የድንጋይ ከሰል የሚጭነው፣ ከታች ተከፍቶ የሚያፈሰው። ኤል ኦ ደግሞ ክዳን ያለው፣ እህልና ሲሚንቶ የሚጫንበት። አር ኤስ ያ በበረዶ የሚቀዘቅዘው ነው፤ አር ፒ በሞተር የሚቀዘቅዘው። በቲ የሚጀምረው ቦቴው ነው።

አንድ የሚያምታታ ነገር አለ። ኤክስ በዓይነቱ ኮድ መጀመሪያ ላይ ከመጣች ዝግ ፉርጎ ማለት ነው። በባለቤቱ ምልክት መጨረሻ ላይ ከመጣች ግን (ለምሳሌ ዩቲኤልኤክስ ብሎ እንደሚጻፈው) ባለንብረቱ የባቡር ድርጅት አይደለም ማለት ነው። ቦቴዎች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው።

ዕድሜውን ለማወቅ ቢ ኤል ቲ የሚለውን ፈልጉ። አጠገቡ ያለው ቁጥር የተሠራበት ወርና ዓመት ነው። ዓመቱ ቢጠፋ እንኳ ሌላ ዘዴ አለ። ዝግ ፉርጎ ጣሪያው ላይ መራመጃ ከሌለው፣ አዲስ ሲሠሩ መራመጃ መግጠም ከቀረበት ከ1966 ወዲህ የተሠራ ወይም በኋላ የተነሳለት ነው። ጎኑ ላይ ባለ ቀለም መስመር የተለጠፈበት ከሆነ ደግሞ፣ ያ በማሽን የሚነበብ ምልክት በ1967 ገብቶ በ1977 የተተወ ነው።

ታዲያ ሽምግልናው እንዴት አለቀ? አንድ ቦታና አንድ ዓመት ምረጥ አልነው። የባልቲሞር ኤንድ ኦሃዮን ባቡር፣ 1957ን መረጠ። የዚያ ባቡር ዋና ጭነት ከሰል ስለነበረ ኤች ቲና አጭሩ ኤች ኤም ይበዙበታል፤ ከኋላ ደግሞ ሠራተኞች የሚቀመጡባት ካቡስ፣ ኮዷ ኤን ኢ። በቃ! ኮንቴይነሩ ተሸጠ። ሱቅ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ቀለሙን ሳይሆን ዓመቱን ሆነ፤ ከ1957 በኋላ ከሆነ ይመልሰዋል። ኪራዩም በጊዜው ይከፈላል። (ሚስትየዋ አሁንም “የልጅ ነገር” ትለዋለች፤ እኔም አልከራከራትም። እኛስ በልጅነታችን የሽቦ መኪና በነፃ አይደል የነዳነው?)

እህቴ፣ ያንቺም ሰውዬ ይህ አመል ካለበት “ለምን ገዛህ?” ከማለትሽ በፊት “የስንት ዓመተ ምሕረት ነው? ከየትኛው ባቡር ጋር ነው የሚሄደው?” በይው። መልስ ካጣ ወደ ሱቁ ይመልሳት። ያገለገለ የምትገዙ ወንድሞች ደግሞ ገንዘብ ከመቁጠራችሁ በፊት ፊደሏን አንብቡ። ከጤፍ ቅንጣት ብዙም አትበልጥምና በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ አጉሏት።