«ሥራህ ምንድን ነው?» በሥራ ቀን ውስጥ የተሸሸጉ የጤና ጠንቆች

አሞት ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው ብዙ ይጠየቃል። መቼ ጀመረህ? ትኩሳት አለህ? ምን በላህ? ቀኑን እንዴት እንደሚያሳልፍ ግን እምብዛም አይጠየቅም። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ እ.ኤ.አ. በ1700 ስለ ሠራተኞች በሽታ ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ሐኪሞች ከጥንት ጀምሮ ለሕመምተኛ በሚያቀርቧቸው ጥያቄዎች ላይ አንድ ጨመሩ፦ «ሥራህ ምንድን ነው?» ከማዕድን ቆፋሪዎች በተጨማሪ ቁጭ ብለው የሚውሉትን ጸሐፊዎችም አስተውለዋል። መቀመጡ፣ የእጅ ያለ ዕረፍት መንቀሳቀስና የአእምሮ ውጥረት እንደሚያሳምሟቸው ጽፈዋል።

ዛሬም «የሥራ አደጋ» ሲባል ቶሎ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው ከመወጣጫ የወደቀ ግንበኛ ወይም ጣቱን ማሽን የቆረጠው ወዛደር ነው። ያ ጉዳት ቀንና ሰዓት አለው፤ ምስክርም አያጣም። ሌላው ዓይነት ግን በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ይጠራቀማል፤ ስሙም «ድካም» ይባላል።

መንገድ ላይ

የአዲስ አበባ ሠራተኛ ቀን ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። መገናኛ ወይም ሜክሲኮ የቆመ ሰው ፊት ለፊት አሮጌ የናፍጣ መኪና ሽቅብ ለመውጣት ሲያጓራ ጥቁር ጭሱን ይለቃል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ሞተር ጭስን ካንሰር አምጪነታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ተርታ መድቦታል። ትምባሆም ያለው በዚሁ ተርታ ነው። ተሳፋሪው ጭሱን ስቦ ያልፋል፤ ተራ አስከባሪው፣ ሊስትሮውና የትራፊክ ፖሊሱ ግን ሲስቡት ይውላሉ።

ወንበር ላይ

ስለ መቀመጥ የተደረገው ታላቅ ጥናት የተወለደው ከአውቶቡስ ነው። ብሪታኒያዊው ሐኪም ጄሪ ሞሪስና ባልደረቦቻቸው የለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሾፌሮችንና ትኬት ቆራጮችን አነጻጽረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1953 አሳተሙ። ሁለቱም በአንድ መኪና፣ በአንድ መንገድ ይሠራሉ። ሾፌሩ ቁጭ ብሎ ይውላል፤ ትኬት ቆራጩ ደረጃውን ሲወጣ ሲወርድ ይውላል። የልብ ሕመም በትኬት ቆራጮቹ ላይ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በእግር ወይም በብስክሌት ደብዳቤ የሚያድሉ የፖስታ ሠራተኞችም በጠረጴዛ ሥራ ከሚውሉት ባልደረቦቻቸው የተሻሉ ነበሩ።

ምክንያቱ ከጡንቻ ይጀምራል። የጭንና የባት ጡንቻዎች ሲሠሩ ስኳርን ከደም ይስባሉ፤ ደምንም ወደ ልብ ሽቅብ ይገፋሉ። ሰው ለሰዓታት ሲቀመጥ ይህ ሥራ ይዳከማል፤ እግር ያብጣል፣ ወገብ ይደርቃል። ነገሩ ለዓመታት ሲደጋገም ለስኳር በሽታና ለልብ ሕመም መንገድ ይጠርጋል።

አንዲት በመስኮት ባለጉዳይ የምታስተናግድ ሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ ሳይከፈት የዋለ የውሃ ጠርሙስ አይቼ «እህቴ፣ ውሃ አትጠጪም እንዴ?» ብላት፣ «ሽንት ቤቱ ሩቅ ነው፤ መስኮቱን ጥዬ ብሄድ ሰልፈኛው ይጮህብኛል» አለችኝ። ውሃ መተውና ሽንት መያዝ ልማድ ሲሆን ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያጋልጣል። ይህች ሴት ጤናዋን ችላ ያለች አይደለችም፤ ለአንድ መስኮት አንድ ሰው ብቻ መመደቡ ነው ያስጠማት።

ኮምፒውተር ላይ የሚውል ሰው ደግሞ ሳያውቀው ዓይኑን የሚያርገበግበው ከወትሮው በጣም ባነሰ መጠን ነው፤ ዓይኑ የሚደርቀውና የሚቆጠቁጠው ለዚህ ነው። በየ20 ደቂቃው 6 ሜትር ያህል የራቀ ነገር ለ20 ሰከንድ ማየት ያሳርፈዋል።

ቡናው ዘንድ

ክረምት ሲገባ በር ይዘጋል፤ የሥራ ቦታው ቡና የሚፈላበት የከሰል ምድጃም ወደ ጠባብ ክፍል ይገባል። ሲነድ ከሚወጡት ጋዞች አንዱ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታም ቀለምም የለውም። በደማችን ኦክስጅን ተሸካሚ በሆነው ሄሞግሎቢን ላይ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። ከቡናው በኋላ ራሱን የከበደው ሠራተኛ «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ይላል። ደጅ ወጥቶ ነፋስ ሲያገኝ የሚሻለው ከሆነ ምድጃውን ይጠርጥር። ከሁሉም በላይ የምትጎዳው ቡና አፍዪዋ ናት። በርና መስኮት መክፈት፣ ከተቻለም ምድጃውን ደጅ ማድረግ ሕይወት ያድናል።

ሰዓቱ

ሌላው ገዳይ ጠንቅ የሥራ ሰዓት መርዘም ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በጋራ ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ጋር ሲነጻጸር በስትሮክ የመያዝ ዕድሉ በ35 በመቶ፣ በልብ ሕመም የመሞት ዕድሉ ደግሞ በ17 በመቶ ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2016 ብቻ በዚህ ሰበብ 745 ሺህ ያህል ሰዎች እንደሞቱ ተገምቷል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ይገድባል። በልዩ ምክንያት የሚፈቀደው ትርፍ ሰዓት በሳምንት ከ12 መብለጥ የለበትም። ሁለቱ ሲደመሩ 60 ይሆናሉ። ሕጉ ተከብሮ እንኳ ሠራተኛው ከአደጋው ወሰን ሊያልፍ ይችላል ማለት ነው። ከንጋት እስከ ምሽት መሪ የሚጨብጠው የሚኒባስ ሾፌርና የቀን ሠራተኛው ደግሞ በተግባር ሰዓታቸውን የሚቆጥርላቸው የለም።

ምን ይደረግ?

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። አንድ ፌርማታ ቀድሞ ወርዶ መራመድ ከዚህ ይቆጠራል። ደም ብዛት ብዙ ጊዜ ምልክት ስለማያሳይ ሳይታመሙ መለካት ይገባል። አሠሪው ደግሞ ለመስኮቱ ተተኪ ሰው፣ ለቡናው አየር የሚያገኝ ቦታ ያዘጋጅ።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። የሥራ ቀናችንን የምንደብቀው ግን በሽታ መሆኑን ስለማናውቅ ነው። ሐኪሙ ባይጠይቅም እኛ እንንገረው፤ ስንት ሰዓት እንደምንቀመጥ፣ ምን ስንተነፍስ እንደምንውል፣ ስንት ሰዓት ወደ ቤት እንደምንገባ።