ደም ብዛትና ከሃርት አታክ በኋላ ያለው ተስፋ

የደም ግፊትን በተለምዶ «ደም ብዛት» እንለዋለን። ስሙ ግን ያሳስታል፤ የበዛው ደሙ ሳይሆን ደሙ የሥሩን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ነው።

ሃርት አታክ የሚባለው ለልብ ጡንቻ ደም የሚያደርስ ሥር ተዘግቶ ከጡንቻው የተወሰነው ክፍል ሲሞት ነው። የሞተው ተመልሶ አይተካም፤ በሳምንታት ውስጥ ጠባሳ ይሆናል። የተረፈው ጡንቻ የሁሉንም ሥራ ይሸከማል። ግፊቱ ከፍ ካለ ደግሞ ልብ በየምቱ ይታገላል፣ ቀስ በቀስም እየተለጠጠ ይዳከማል።

ታዲያ ተስፋ የለም ማለት ነው? አለ እንጂ! በ1992 እ.ኤ.አ. የታተመው «ሴቭ» የተባለው ጥናት ከሃርት አታክ በኋላ ልባቸው የተዳከመ 2,231 ሕመምተኞችን ተከታትሏል። ግፊትን የሚቀንሰውንና የልብን መለጠጥ የሚገታውን ካፕቶፕሪል የወሰዱት ሰዎች ሞት ካልወሰዱት በ19 በመቶ ያነሰ ነበር።

አጎቴ ከሆስፒታል በወጣ በወሩ «እኔ እኮ ድኛለሁ፣ ኪኒኑ ምን ያደርግልኛል?» ይለን ጀመር። ብዙ ቤት የሚባል ነገር ይመስለኛል። ግፊት ግን አብዛኛውን ጊዜ ምልክት አያሳይም፤ ደህና የሆንነው ኪኒኑ እየሠራ ስለሆነ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ግፊታችንን እንለካ፣ ጨው እንቀንስ፤ ሐኪም ሳናማክር መድኃኒት አናቋርጥ።